ዋስ የሆንኩበት የሮም መጽሐፍ

አማካሪዬ ከእኔ በአሥራ አምስት ዓመት ያንሳል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለሐሜት አይደለም፤ ያን ቅዳሜ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ቢሮው ተቀምጬ ደሜ የፈላበት አንዱ ምክንያት እሱ ስለነበረ ነው። ልጁ ጨዋ ነው። ወንበር ስቦ፣ ሻይ አዝዞ፣ «እርስዎ» እያለ ነው የሚያናግረኝ። ግን ያቀረብኩለትን የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ በእስክሪብቶው ጫፍ መታ መታ አደረገና፣ የታመመ ሰው እንደሚያጽናና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ብቀይረው እንደሚሻል ነገረኝ። የመስቃን በርበሬ ንግድ ታሪክ ላይ ብሠራ መረጃው ደጄ ላይ ነው አለኝ። እንደ ርዕሴ የግሪክና የሮም የመንገድ ሕግ ላይ ለመሥራት ግን መጻሕፍቱን ከየት አመጣቸዋለሁ?

እኔ ቡታጅራ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ ሴት ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የጀመርኩት ልጆቼ ራሳቸውን ከቻሉ በኋላ፣ ቅዳሜና እሁድ በሚኒባስ እየተመላለስኩ ነው። በርበሬ አልጠላም። ነገር ግን ያን ርዕስ ዘጠኝ ዓመት በሆዴ ይዤው ነው የመጣሁት፤ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ላስረክበው አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ስለ ጥንታዊት ሮም እያስተማርኩ ነበር። ሮማውያን የመጀመሪያ ሕጋቸውን በአሥራ ሁለት ሰሌዳ ላይ ጽፈው አደባባይ እንዳቆሙት፣ በዚያ ሕግ የመንገድ ስፋት እንኳ ሳይቀር ተወስኖ እንደነበረ ነገርኳቸው። ቀጥ ያለው መንገድ ስምንት ጫማ፣ መታጠፊያው አሥራ ስድስት ጫማ ብዬ ስጽፍ፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ የኛን ጀፎሮ ታዲያ ማን ለካው?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ጀፎሮ በጉራጌ መንደር መሀል ለመሀል የሚያልፈው፣ ቤቶቹ ግራና ቀኝ የተሰለፉበት፣ ሣር የለበሰ ሰፊ መንገድ ነው። ለቅሶ የሚደረሰው፣ ሠርግ የሚደገሰው፣ ሽማግሌ የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው። አንድ ሰው አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ጀፎሮው ቢያስጠጋ በማግስቱ ሽማግሌዎች ያስነቅሉታል። ሕጉ ግን የትም አልተጻፈም። የሮሞቹ ስምንት ጫማ በጽሑፍ ቆሞ፣ የኛ ከዚያ በስንት እጥፍ የሚሰፋው ያለ ጽሑፍ እንዴት ቆመ? መልሱን አላውቀውም ነበር። አጣርቼ እነግርሃለሁ አልኩት። ልጁ ዓመቱ ሳያልቅ ትምህርቱን ጥሎ አዲስ አበባ አጎቱ ሱቅ ገባ፤ ጥያቄው እኔ ጋ ቀረ።

ይህን ሁሉ ለአማካሪዬ አልነገርኩትም። ስቆጣ ረጅም ነገር መናገር አልችልም፤ አጭር ነገር ተናግሬ በኋላ እጸጸታለሁ፣ ወይም የተናገርኩትን ጭራሽ እረሳዋለሁ። ያን ቀንም ስንት መጽሐፍ ባመጣ እንደሚበቃው ብቻ ጠየቅኩት። አምስት አለኝ፤ ከአምስቱ አንዱ የሮሞቹን የሕግ ቃል ከነማብራሪያው የያዘ መሆን አለበት። ከዚህ በፊት ተማሪዎች ዓይተውት የማያውቁትን መጽሐፍ እየዘረዘሩ ስላስቸገሩት፣ ወይ መጽሐፉን ራሱን ጠረጴዛው ላይ ማየት ይፈልጋል፣ ወይም መጽሐፉ ያለበት ቤተ መጻሕፍት በማኅተም ያረጋገጠውን ወረቀት። ከኢንተርኔት የወረደ አይቀበልም። ቀነ ገደቡ ሰባተኛው ቅዳሜ ነው፤ እስከዚያ ካልሆነ በርበሬ።

«አመጣለሁ» አልኩትና ሻዩን ሳልጨርስ ወጣሁ።

እውነቱን ለመናገር ልቤ የደፈረው አንዱን መጽሐፍ ስለማውቀው ነበር። ቡታጅራ ውስጥ፣ አዲስ አበባ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ተሰባስበው ያቋቋሟት አንዲት ትንሽ ማንበቢያ ቤት አለች። እዚያ፣ ውጭ አገር ሲያስተምር የኖረ ሰው ከሰጣቸው መጻሕፍት መካከል፣ ስለ ሮማውያን ሕግ የተጻፈ ወፍራም ሰማያዊ መጽሐፍ ነበረ። ስለ መንገዱ ስፋት መጀመሪያ ያነበብኩት እሱ ላይ ነው። የሕጉ ቃል፣ ማብራሪያው፣ ሁሉም እዚያ አለ። ስለዚህ አምስተኛው በእጄ ነው ብዬ፣ የትም አይሄድም ብዬ፣ ለመጨረሻ አስቀመጥኩት። አይ እኔ!

አራቱን ፍለጋ ገባሁ። የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሁለት ቅዳሜ ዋልኩ። ለምህንድስናና ለግብርና ብዙ መደርደሪያ አለው፤ የጥንት ታሪክ ደግሞ ጥግ ላይ አንድ ረድፍ ነው። መጽሐፎቹን አንድ በአንድ እያወረድኩ፣ የመጨረሻ ገጻቸው ላይ ያለውን የቃላት ዝርዝር እየገለጥኩ «መንገድ» የሚለውን ፈለግኩ። ይህን ዘዴ ማንም አላስተማረኝም፤ ርዕሱን አምኜ ስንቱን አንብቤ ባዶ እጄን ከቀረሁ በኋላ ያመጣሁት ነው። በዚህ ዓይነት ሁለት አገኘሁ። አንዱ ስለ ሮም ከተሞች፣ ሌላው ስለ አቴናውያን ሸንጎ ነው። የሸንጎው መጽሐፍ ሰው እጅ የገባ አይመስልም ነበር፤ ገጾቹ ገና ተጣብቀዋል። ሆዴ ቅቤ ጠጣ።

የቀሩት ሁለቱ ከእምድብር ተገኙ። ከቡታጅራ በአረቅጥ በኩል ሲወጣ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ከዚያ ወደ እምድብር ሲወረድ እንሰቱ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ ይመጣል። ወልቂጤ ለመድረስ ያን መንገድ በዓመት ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩበት እግዜር ይወቀው፤ ግን እምድብር ላይ ወርጄ አላውቅም ነበር። እዚያ ባለው የካቶሊክ ሚሲዮን ግቢ አንድ ሽማግሌ ቄስ የሚጠብቋት የመጻሕፍት ክፍል እንዳለች ሰምቼ አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ።

ቄሱ ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። የመንገድ ሕግ አልኳቸው። ደግመው ጠየቁኝ። ደገምኩላቸው። ብዙ ሰው ወደሳቸው የሚመጣው ሌላ ነገር ፈልጎ ነው መሰለኝ፣ ፊታቸው በራ። ላቲን በልጅነታቸው የተማሩ ሰው ናቸው፤ ከመነጽራቸው በላይ እያዩኝ፣ አቧራ እያራገፉ፣ አንድ ስለ ግሪኮች መሬትና ድንበር፣ አንድ ደግሞ ግማሹ ላቲን ግማሹ እንግሊዝኛ የሆነ የሮማውያን ጽሑፎች ስብስብ አወጡልኝ። መጽሐፍ ከክፍሉ አይወጣም፣ ፎቶም አይነሳም፤ ቁጭ ብሎ መጻፍ ግን ይፈቀዳል። እስኪመሽ ጻፍኩ። ላቲኑ ያልገባኝን ቦታ ቄሱ ጣታቸውን እያስኬዱ በአማርኛ ነገሩኝ፤ ሲነግሩኝ ከእኔ ይልቅ እሳቸው የተደሰቱ ይመስሉ ነበር። ስወጣ የማኅተሙን ወረቀት ጽፈው ሰጡኝና ሥራው ሲያልቅ አንድ ቅጂ እንዳመጣላቸው አስማሉኝ።

እንግዲህ አራት ሞላ። ሦስት ሳምንት ይቀረኛል። አምስተኛው ቤቴ አጠገብ ነው። ሰኞ ከትምህርት በኋላ እየዘፈንኩ ወደ ማንበቢያ ቤቷ ገባሁ።

የማንበቢያ ቤቷ ሠራተኛ ወዳጄ ናት፤ ሥራውን የያዘችው የቀድሞው ሠራተኛ ጡረታ ሲወጣ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። መጽሐፉን መደርደሪያው ላይ አጣነው። ሌላም መደርደሪያ አየን፤ የለም። የድሮውን የውሰት መዝገብ አወጣችና ገልጣ ገልጣ አንድ ቦታ ላይ ቆመች። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ መዝገቡን ወደኔ አዞረችው።

እዚያ ቤት ተማሪ መጽሐፍ ወደ ቤቱ መውሰድ የሚችለው ደሞዝተኛ ዋስ ሲፈርምለት ነው። እኔ በየዓመቱ ለስንቱ እንደፈረምኩ አላውቅም፤ የክፍል ኃላፊ ስሆን ተማሪዎቼ ዋስ ፍለጋ ሲንከራተቱ አይቼ አላልፍም። መዝገቡ ላይ የዚያ ልጅ ስም አለ፤ የጀፎሮውን ጥያቄ የጠየቀኝ ልጅ። ቀኑ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው። «የተመለሰበት» የሚለው ባዶ ነው። «ዋስ» በሚለው ሥር ደግሞ የራሴ ፊርማ ተንፈላስሶ ተቀምጧል።

«የሌለ መጽሐፍ አለ ብዬ ማኅተም አላደርግልሽም» አለችኝ ወዳጄ። እውነቷን ነው።

ጉድ ፈላ። ያን ልጅ በዚያ ሳምንት ያላልኩት ነገር የለም። ሌባ አልኩት። ውለታ ቢስ አልኩት። ድስት ስጥድ፣ ፈተና ሳርም፣ ሚኒባስ ስጠብቅ ሰደብኩት። ስለሱ ስጠይቅ ሁሉም ያውቀዋል፤ መርካቶ ጨርቅ ይሸጣል፣ ተሳክቶለታል፣ አግብቶ ወልዷል። ስልኩን ከአንድ የድሮ የክፍል ጓደኛው አግኝቼ ስንት ጊዜ ደወልኩ፤ ነጋዴ የማያውቀውን ቁጥር አያነሳም። በቃ መርካቶ ድረስ ሄጄ አንገቱን ካልያዝኩ ብዬ ስነሳ ያቺ ወዳጄ ሳቀችብኝ።

«ምን ያስሮጥሻል?» አለችኝ። «አረፋ ሲሆን እናቱ ቤት ነው።»

እውነት ነው። መስቃን ላይ ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። የአገሩ እስላም የትም ይሥራ የትም፣ አረፋ ሲደርስ ሱቁን ዘግቶ፣ ልጆቹን ጭኖ ወደ ወላጆቹ ደጅ ይገባል። የጠፋ ሰው የሚገኘው ያን ጊዜ ነው። የዚያ ዓመት አረፋ ረቡዕ ላይ ዋለ፤ የአማካሪዬ ቅዳሜ ከዚያ ሦስተኛው ቀን ነው። መጠበቅ ለእኔ ከመሮጥ ይከብደኛል፤ ግን ጠበቅኩ። ንግግሬን አዘጋጀሁ። ዋስነት ምን ማለት እንደሆነ፣ አደራ ምን ማለት እንደሆነ፣ አንድ በአንድ ደርድሬ ልቀጠቅጠው ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በባጃጅ እስከ መንደሩ አፍ ድረስ ሄጄ ከዚያ በእግሬ ገባሁ። ጀፎሮው ሞልቷል። የአዲስ አበባ ታርጋ ያላቸው መኪናዎች ዳር ዳር ይዘው ቆመዋል፤ አዲስ ልብስ የለበሱ ልጆች ሣሩ ላይ ይንከባለላሉ፤ ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። «ዒድ ሙባረክ» እያልኩ አለፍኩ። ከመሀላቸው አንድ ቦርጫም ሰው ሁለት ስልኩን ጥሎ ብድግ አለ። እሱ ነው። እጄን ሊስም ጎንበስ ሲል ንግግሬ ግማሹ ጠፋብኝ።

«ዋሴ ናቸው» አለ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ። «የነገርኳችሁ ቲቸር።»

የነገርኳችሁ? ምን ብሎ ነገራቸው? ግን በበዓል ቀን እህል ሳይቀመስ ነገር አይነሳም። እናቱ ቤት አስገብተው፣ የክርስቲያን እንግዳ ስለሆንኩ ከሥጋው ለይተው፣ ለብቻዬ ቆጮ ከአይብና ከጎመን ጋር አቀረቡልኝ። በላሁ። ልጆቹን አሳየኝ፤ መረቅኳቸው። ሚስቱ ሻይ አመጣች፤ ጠጣሁ። ከዚያ በኋላ አልቻልኩም።

«ዘጠኝ ዓመት!» አልኩት። «እኔን ዋስ አድርገህ፣ የሰው መጽሐፍ ይዘህ!»

አልደነገጠም። ጓዳ ገባና በላስቲክ ሁለት ጊዜ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። ላስቲኩን ሲፈታ ሰማያዊው መጽሐፍ ከዘጠኝ ዓመት በፊት እንደነበረው ነው፤ ጠርዙ እንኳ አልታጠፈም። በሁለት እጁ ፊቴ አስቀመጠው።

«ቲቸር፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ አትመልስ ያሉኝ?»

ከዚያ ነገረኝ። ትምህርቱን ጥሎ ሊሄድ የመጣበት ቀን ነው። አባቱ ታመው ነበር፤ አጎቱ ለሱቁ ሰው ይፈልጋል። ከአባቱ ጋር ሊሰናበተኝ ትምህርት ቤቱ ግቢ መጣ፤ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ነበር፣ እግረ መንገዱን ሊመልሰው። እኔ ከክፍል እየወጣሁ ነው፤ ጠመኔ በእጄ። አባቱ አጠገቡ ቆመው እየሰሙ ጮህኩበት። አትመልሰውም አልኩት። ክፍል ስትመለስ ትመልሰዋለህ፣ እስከዚያ ዋስህ እኔ ነኝ፣ ማንም አይጠይቅህም አልኩት። ጠመኔውን መሬት ላይ ወርውሬ ሄድኩ።

ክው አልኩ። የጠመኔውን ነገር ሲናገር ትዝ አለኝ። ሲሰበር፣ ነጩ ዱቄት ጫማዬ ላይ ሲበተን ሁሉ ትዝ አለኝ። የተናገርኩትን ግን እዚያው ረስቼው፣ ለዘጠኝ ዓመት በሰላም ኖሬያለሁ። ልጁ ግን አልረሳም። አባቱ በኋላ ሲሞቱ የመምህርቷን ቃል ጠብቅ ብለውት እንደሞቱ ጨምሮ ነገረኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌባ ስለው የነበረው ሰው እኔ ያሰርኩትን ቃል ይዞ ተቀምጦ ነው። አፈርኩ።

«አሁን ይፍቱኝና ይውሰዱት» አለኝ።

በዚያ አገር አንድ ትልቅ ሰው ቃል ካሰረ የሚፈታው ራሱ ነው። ከእኔ የሚጠበቀው አንዲት ቃል ናት። «ፈትቼሃለሁ» ብል መጽሐፉ በእጄ ነው፣ ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ርዕሴ ይጸድቃል። ልናገር አፌን ስከፍት ከውጭ እንግዳ መጣ ብለው ጠሩት። መጽሐፉን እኔ ፊት ትቶ ወጣ።

ገለጥኩት። የመንገዱ ሕግ ያለበት ገጽ ጋ ራሱ ተከፈተ፤ መሀሉ ላይ የታጠፈ ወረቀት ነበረ። ስምንት ጫማ የሚለው ሥር በእርሳስ በቀጭኑ ተሰምሮበታል። ዳር ላይ በዚያው እርሳስ «የኛስ?» ይላል። ወረቀቱን ዘረጋሁት። የአሥረኛ ክፍል የብሔራዊ ፈተና ውጤቱ ነው፤ ስሙ፣ ፎቶው፣ ማኅተሙ። ፎቶው ላይ ያለው ልጅ አንገቱ ቀጭን ነው፤ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል። ውጤቱን ልጨርሰው አልቻልኩም፤ አንጀቴን በላው። እንደነበረ አጥፌ መልሼ ከቦታው አስገባሁት።

ተመልሶ መጣና ከፊቴ ቁጭ አለ። ዋርካው ሥር ካሉት ሽማግሌዎች ሁለቱ ነገሩን ለማየት ተከትለውት ገብተው በር አጠገብ ቆመዋል።

«አልፈታህም» አልኩት።

«ቲቸር፣ እኔ አሁን የሁለት ልጅ አባት ነኝ። ምን ክፍል ነው የምገባው?»

«የማታ። አዲስ አበባ ውስጥ የማታ ትምህርት የለም እንዴ?»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወውና መሬት መሬት አየ። ላስፈለገኝ ነገር አሥር አዲስ መጽሐፍ ከውጭ ሊያስመጣልኝ እንደሚችል ነገረኝ። ለዩኒቨርሲቲው የማቀርበው ቅዳሜ ነው፣ ጊዜ የለም አልኩት። ታዲያ ይውሰዱት እንጂ አለኝ። አልወስድም አልኩት። አንዱ ሽማግሌ በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር አሉ፤ ሌላኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ደብተሬን አወጣሁ።

ያን ከሰዓትና ሐሙስን ቀኑን ሙሉ እናቱ ደጅ፣ ሣሩ ላይ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ። እሱ ደግሞ በዚያ ውድ ስልኩ ገጹን አንድ በአንድ ፎቶ አነሳልኝ፣ መሀሉ ያለውን የታጠፈ ወረቀት ግን ዕልባት መስሎት አልገለጠውም፤ ሊልክልኝ ሲሞክር ግን አገሩ በሙሉ እንኳን አደረሰህ ለማለት ስለሚደውል መስመሩ አልሠራ አለ። የመንገዱን ክፍል ስጽፍ ከጎኔ ቆሞ ያነብ ነበር። ድንገት ተነስቶ መኪናው ጋ ሄደና የጨርቅ መለኪያ ሜትሩን ይዞ መጣ። አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጠኝ፤ ከአንዱ አጥር እስከ ሌላው አጥር፣ ሕፃናቱን እያባረረ፣ እያነሳና እየጣለ ለካው። አርባ ሁለት ሜትር ከስንዝር። ሽማግሌዎቹ ከዋርካው ሥር ሆነው ይስቁብን ነበር፤ ከዚያ ግን አንዱ መጡና የተሳሳትንበትን ቦታ አሳዩን። አጥሩ በፊት የት እንደነበረ፣ ማን እንዳስጠጋው፣ እንዴት እንዳስነቀሉት ነገሩን። ጻፍኩት። ሲመሽ መጽሐፉ በላስቲኩ ተጠቅልሎ ወደ እናቱ ጓዳ ተመለሰ።

ዓርብ ወደ ማንበቢያ ቤቷ ሄድኩ። ለወዳጄ የሆነውን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። መዝገቡን ከፈተችና ስሜን ትሰርዘው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይ፣ አድሺው አልኳት። ከአሮጌው ፊርማዬ ሥር እንደገና ፈረምኩ። «መመለሻው ቀን መቼ ልበል?» ስትለኝ ትምህርት ሲጀምር በይ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ግን ጻፈችው። ከዚያ የማኅተም ወረቀት ሠራችልኝ፤ መጽሐፉ የማንበቢያ ቤቱ ንብረት መሆኑን፣ በአሁኑ ጊዜ ውሰት ላይ መሆኑን፣ ዋሷም ጥያቄ አቅራቢዋ ራሷ መሆኗን ይገልጻል። የማይዋሽ ወረቀት ነው።

ቅዳሜ ወልቂጤ ደረስኩ። የአራቱን ማስረጃ አሳየሁት። የአምስተኛውን ወረቀት ሰጠሁት። አነበበ፤ ደግሞ አነበበ።

«ዋሷ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«መቼ ይመለሳል?»

«የተዋሰው ሰው ትምህርት ሲጀምር።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በርበሬውን ሊያነሳ ነው ብዬ እጄን ጨበጥኩ። እሱ ግን ደብተሬን ሳበና ይገልጥ ጀመር። የሕጉን ቃል አለፈው፣ የቄሱን ማብራሪያ አለፈው፣ የጀፎሮው ልኬት ያለበት ገጽ ላይ ቆመ። ሥዕሉን አየ፤ አጥሮቹን፣ ዋርካውን፣ አርባ ሁለቱን ሜትር።

«ይህን ማን ለካው?» አለኝ።

«መጽሐፉን የተዋሰው ሰው ነው» አልኩት። «ጥያቄውም የሱ ነው።»

ፈረመ። የመጽሐፉ ገጾች ፎቶ እንደሚላክልኝ ስነግረው፣ እንደደረሱኝ እንዳሳየው ብቻ አሳሰበኝ። በዚያ ቀን ሻዩን ጨረስኩት።

ክረምቱ አለፈ። ሥራዬን ጀመርኩ፤ ልጁም ፎቶዎቹን በሙሉ ላከልኝ። ስለ ትምህርቱ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። አንዳንዴ ሌሊት እነቃና መጽሐፉን ይዤ ብመጣ ምን ነበረበት እል ነበር። መስከረም ገብቶ ሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ ደብተር እያረምኩ ሳለሁ፣ ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው። ከኋላው የመርካቶ ጫጫታ ይሰማል። ሰላምታውን በግማሽ ትቶ ወደ ነገሩ ገባ። ሱቁ አጠገብ ካለ ትምህርት ቤት ለማታ ክፍል ሊመዘገብ ሄዶ ነበር።

«የአሥረኛ ክፍል ውጤት አምጣ አሉኝ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ከየት አባቴ አመጣዋለሁ፣ ቲቸር? ቤቱን በሙሉ አስፈትሼ አጣሁት።»

ቀይ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

«ለእናትህ ደውልላቸው» አልኩት። «መጽሐፉ ውስጥ ነው። መንገዱ ያለበት ገጽ ላይ።»